ላፕቶፑ ሲነቃ ኤስዲ ካርዱ ለምን ይጠፋል?

ዊንዶውስ ስሊፕ ገብቶ ሲነቃ ካርዱ እንደማይታይ፣ ነቅለው ሲሰኩት ግን እንደሚመለስ ጠይቀዋል። ነቅለው ሲሰኩት ከሠራ ካርዱን አይጠርጥሩ፤ የካርድ ማንበቢያውን የኃይል አያያዝ ይመልከቱ።

ሲስተሙ ሲተኛ የማንበቢያው ኃይል ሊቋረጥ ይችላል። በዚያ መሃል ካርዱ በሌላ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲነቃ እንደ አዲስ መለየት አለበት። ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ማንበቢያውን የሚያዝበት ሶፍትዌር) እዚህ ላይ ከተደናቀፈ ካርዱ የለም ይላል። ክፍት የተተወ ፋይል ካለ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ገና ያልተጻፈው ዳታ መድረሻ ያጣል።

መጀመሪያ ማንበቢያው በምን እንደተገናኘ ይወቁ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ከቪው ሜኑ በግንኙነት የሚደረድረውን ይምረጡ። በዩኤስቢ ከሆነ፣ የተያያዘበትን የዩኤስቢ ሩት ሃብ (የዩኤስቢ ዕቃዎች የሚገናኙበት ማዕከል) ፕሮፐርቲስ ከፍተው ፓወር ማኔጅመንት ታብ ላይ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን ማጥፋት የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ታቡ ከሌለ አይደንግጡ፤ ሞደርን ስታንድባይ (እንደ ስልክ በከፊል ነቅቶ የሚተኛ አዲሱ የስሊፕ ዓይነት) ባላቸው ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። በፒሲአይ ኤክስፕረስ (የላፕቶፑ የውስጥ ፈጣን መገናኛ መስመር) ከሆነ ግን ይህ ምንም አይለውጥም፤ በፓወር ኦፕሽንስ ዝርዝር ቅንብሮች ውስጥ ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንትን ኦፍ ያድርጉት። በዚህ የባትሪ ፍጆታው ትንሽ ይጨምራል።

ካልተስተካከለ የማንበቢያውን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ይጫኑ፤ ዊንዶውስ በራሱ የሚያስገባው ሁሉን አቀፍ ድራይቨር ሁልጊዜ አይበቃም።

ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ጀምሮ ክዊክ ሪሙቫል (ካርዱን በዊንዶውስ ሳያስወጡ መንቀል የሚያስችል ቅንብር) ነባሪ ነው፤ ሆኖም ኮፒ እየተደረገ ስሊፕ ከማስገባት አያድንም።