ማሽኑ ያሳለፋቸው መንትያ ብሮች

አንዲት የሐዋሳ ነጋዴ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ገንዘብ መቁጠሪያ ማሽኔ ጠዋት ጠዋት በደንብ ይቆጥራል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ደህናውን ብር ሁሉ እየጮኸ ያቆመዋል። ሠሪ ጠርቼ አስተካከለልኝ፤ ጩኸቱም ቆመ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ እስር ውስጥ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ባለ 200 ብር አገኘሁ። ማሽኑ ሁለቱንም አሳልፏቸዋል። ተበላሽቶ ነው?»

እህቴ፣ ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት የሚጮህ ማሽን ሲነግሩኝ ቶሎ የሚታየኝ የሱቁ በር ነው። በርሽ ወደ ምዕራብ የዞረ ይመስለኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ገብታ ማሽኑ ላይ ታርፋለች። ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች የሚሠሩት በብርሃን ነው፤ ከብር ማስገቢያው በኩል ሌላ ብርሃን ሲገባባቸው ይደናገራሉ። ሠሪው ይህን አላየም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የዩቪውን፣ ማለትም ፎርጅድ ለመለየት ብሩ ላይ የሚበራውን ዓይን የማያየው ጨረር፣ ደረጃ አውርዶልሽ ወይም ጭራሹን አጥፍቶልሽ ሄዷል። እንዲህ ያለ ጥገና በየሱቁ ያጋጥመኛል፤ ሁሌም ያናድደኛል። ደንበኛው ጩኸቱ ስለጠፋ ብቻ ይከፍላል፤ ፎርጅድ የሚይዝለት ነገር አብሮ መጥፋቱን አያውቅም።

ለማረጋገጥ ነጭ የኮፒ ወረቀት በብሩ ልክ ቆርጠሽ ከብሮቹ መሀል አስገቢ። የኮፒ ወረቀት በዩቪ መብራት ሰማያዊ ያበራል፤ የብር ወረቀት አያበራም። ማሽኑ ዝም ብሎ ካሳለፈው ዩቪው ጠፍቷል ወይም ሞቷል። በነገራችን ላይ ኪስ ውስጥ ተረስቶ በኦሞ የታጠበ ብርም እንደዚሁ ስለሚያበራ ማሽኑ ይጮኽበታል። ብሩ ግን ደህና ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሶኬቱን ንቀይ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ንቀይው። ከነቀልሽ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ። ከዚያ ክዳኑን ክፈቺና አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ። የጨርቅ ሱቅ ብናኝ ክፉ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ እንደ ጥጥ ይጋገራል። የሴንሰሮቹንና የመብራቱን መስታወት አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊ፤ እስኪደርቅ ጠብቂ። ጎማዎቹን በጣትሽ ንኪያቸው። እንደ መስታወት ካብለጨለጩ አርጅተዋል፤ ሁለት ብር አንድ ላይ ይስባሉ።

የዩቪ መብራቱ ከሞተ ስትገዢ ተጠንቀቂ። ገበያው ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ርካሽ አምፖል ሞልቶታል። ስታበራ ታምራለች፤ ብር ለመለየት ግን አትረባም። የጨረሩ ሞገድ ርዝመት 365 ናኖሜትር የተባለውን ጠይቂ። ማሽኑን አዙሪና ጀርባውን ለበሩ ስጪው፤ የዩቪውን ደረጃም ወደ ነበረበት መልሺ። በኮፒ ወረቀቱ እንደገና ስትሞክሪ መጮኽ አለበት።

ስለ መንትዮቹ ብሮች ግን ማሽንሽን አትውቀሺው። ተራ መቁጠሪያ የሚያየው ወረቀቱን፣ ቀለሙንና ማግኔቱን ነው። ቁጥር አያነብም። ቁጥር የሚያነቡት ምስል የሚያነሱት ውድ ማሽኖች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ድግግሞሹን የሚያውቁት ሁለቱ ብሮች መዝገባቸው ውስጥ ከገቡ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለምን እንደተጻፈ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የፖርቱጋሉን ታሪክ እነግራለሁ። አልቬስ ዶስ ሬይስ የሚባል ሰው ነበር። የፖርቱጋልን ባንክ የወከለ መስሎ ሐሰተኛ ውል አዘጋጀና ለለንደኑ ዋተርሎው ማተሚያ ቤት አቀረበ። ማተሚያ ቤቱ የአገሪቱን ባለ 500 ኤስኩዶ በሕጋዊ መንገድ ያትም የነበረው ራሱ ነው። ውሉን አመነና አተመለት። አስቢው፤ ወረቀቱ እውነተኛ፣ ቀለሙ እውነተኛ፣ ያተመውም እውነተኛው ማተሚያ ቤት! የዛሬ ማሽን ሁሉ ተሰልፎ ቢፈትሸው ያልፍ ነበር። ሰውየው በገንዘቡ የራሱን ባንክ እስከመክፈት ደርሷል። በታኅሣሥ 1925 እንደ ፈረንጆቹ ግን ፖርቶ ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ተቆጣጣሪዎች ብሩን ሲመረምሩ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ኖቶች ተገኙ። ያጋለጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ባንክ ሲያሳትም እያንዳንዱ ኖት የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ስንት እንደታተመ፣ የትኛው ጥቅል እንደተሰረቀ የሚታወቀው በዚያ ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ከተገኘ ቢያንስ አንዱ መኖር የማይገባው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከቁጥሩ ፊት ያሉትን ፊደላት አስተያዪ። ፊደሉ ከተለያየ ቁጥሩ ቢመሳሰልም ብሮቹ መንትያ አይደሉም። ፊደሉም ቁጥሩም አንድ ከሆነ ሁለቱንም ሳታጥፊ ፖስታ ውስጥ ክተቺና ባንክሽ ውሰጂ። እስሩን ማን እንዳመጣው የምታስታውሺ ከሆነ ጻፊው። ለሌላ ሰው አትስጪ፤ እያወቁ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ፎርጅድ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ አንዱን ቁጥር ደጋግመው ስለሚያትሙ የቀሩትን ባለ 200 ብሮችሽንም አንድ በአንድ በዓይንሽ እዪያቸው።

ማሽኑን ካዞርሽው በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደህናውን ብር ቁጠሪበት። አሁንም ከጮኸ የቀረ ብናኝ ሊኖር ይችላል፤ እንደገና ከፍተሽ ጥረጊ። ግን እንደገና ስትከፍቺም፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ሶኬቱን ንቀይ።