«ከየት ልጀምር?» ላልሽው፣ ከጥገና ክፍል ሰው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆነሽ ተመድበሻል፤ ኤሌክትሪሽያን፣ ቧንቧ ሰራተኛ፣ በያጅና ቀለም ቀቢ ተደምረው አስራ አራት ሰው አለሽ፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡሻል። ስራ አስኪያጁ «የደህንነት ፕሮግራም አውጪ» ብሎ ለሄልሜትና ለፖስተር የሚሆን ገንዘብ ፈቅዶልሻል። እኔ ቃሊቲ በኩል አስራ አንድ ዓመት የጥገና ክፍል መርቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ሄልሜቱን ግዢ፣ ግን በሱ አትጀምሪ። እኔ በሱ ነበር የጀመርኩት። ሄልሜት፣ ሴፍቲ ጫማና ጓንት አከፋፈልኩ፣ አስፈርሜ ፋይል አደረግኩ፣ ፎቶም ተነሳን። በሦስተኛው ወር አንድ ልጅ እጁ ተሰበረ። ሄልሜቱን አድርጎ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። መብራት ጠፍቷል። የውሃ ፓምፑ ኩፕሊንግ፣ ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ማለቴ ነው፣ ከላላ ሰንብቶ ነበርና እኔው ራሴ «መብራት ሳይመጣ ቶሎ አጥብቀውና ና» አልኩት። መብራት ስለሌለ ብሬከሩን ማውረድ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። ሮቶው ደግሞ ጎድሏል፤ ፓምፑ መብራት እንደመጣ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ የተገጠመ ነው። መጣ፣ ተነሳ። መፍቻው ከኩፕሊንጉ ጋር ዞሮ የእጁን አንጓ መታው። ጣቶቹ መትረፋቸው የእግዜር ስራ ነው። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ በግራ እጁ ነው የሚጨብጠኝ።

እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ነው ጥገና የሚታወሰን። ማሽን ቆሟል፣ የምርት ኃላፊው ዝም ብሏል፣ «እስኪመጣ ይቺን እንጨርስ» እንላለን። መብራቱ መቼ እንደሚመለስ ግን የሚያውቅ የለም፤ ጄኔሬተሩም አለ። ቼንጅ ኦቨሩ፣ ከመብራት ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው ማብሪያ፣ በእጅ የሚቀየር ከሆነ የቸኮለ ሁሉ ያዞረዋል፤ እኛ ጋ ጥበቃው ሳይቀር ያዞረው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዢው ጓጉንቸር ነው። ለያንዳንዱ ሰራተኛ አንድ፣ ስሙ የተጻፈበት። ሞተር የሚነካ ወይም ፓነል የሚከፍት ሰው ብሬከሩን አውርዶ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉ ኪሱ ይገባል። ሁለት ሰው ከሰራ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ብሬከሩ ማንጠልጠያ ከሌለው የፓነሉን በር ቆልፉ። ከዚያ ቴስተሩን፣ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን መሳሪያ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ፣ ቀጥሎ የሚሰራበት መስመር ላይ፣ መጨረሻ ተመልሶ ያው የመጀመሪያው ቦታ ይሞክረዋል፤ የተበላሸ ቴስተርም እኮ «የለም» ነው የሚለው። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ያሉት ከሆነ ሦስቱንም ይለካ። አንዱ ብቻ ሳይቋረጥ ቢቀር እንኳ 220 ቮልት ነው።

መብራት ጠፍቶ ሳለስ? ያው ነው፣ እንደውም ብሶ። ፊውዝ ማውጣት ካለበት ያውጣና ኪሱ ይክተት።

ትርፍ ቁልፉን በፖስታ አሽጊና አንቺ ጋ አስቀምጪ። የምርት ክፍል ሰው «ልጁ ቁልፉን ይዞ ቤቱ ሄዷል፣ ማሽኑ ይነሳልን» ብሎ መምጣቱ አይቀርም። ልጁን በስልክ ሳታገኚ፣ ቦታውን በዓይንሽ ሳታዪ፣ አንድ ሰው አብሮሽ ሳይፈርም አትክፈቺ። እኔ በዚህ ምክንያት ከአንድ የፈረቃ ኃላፊ ጋር ለሁለት ወር ሰላምታ አልነበረንም።

ስለ ዕድሜ ላነሳሽው፣ እኛ ጋ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ኤሌክትሪሽያን ነበሩ። ጓጉንቸሩን ስሰጣቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ በእጄ ጀርባ ነክቼ ነው የማውቀው» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እዚያው መልስ ብሰጣቸው ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር። ከስራ በኋላ ሻይ ይዤያቸው ወጣሁና «ጋሼ፣ ልጆቹ እርስዎን ነው የሚያዩት፤ ያለ ቴስተር መንካቱን ደግሞ ከእርስዎ ነው የሚማሩት» አልኳቸው። ዝም አሉ። በሳምንቱ የቴስተር አያያዝ የሚያስተምሩት እሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። በኋላማ እኔን ራሴን ያለ ጓጉንቸር ፓነል ስከፍት ይዘውኝ በሰው ፊት ገሰጹኝ፤ ፕሮግራሙ እግር ያወጣው ያን ቀን ይመስለኛል።

ጣሪያ ሁለተኛው ነው። እንደኛ ባሉ ሼዶች ብርሃን እንዲያስገባ በቆርቆሮው መሃል የተገጠመውን ፕላስቲክ ታውቂዋለሽ። ፀሐይ ሲያደርቀው ሰው አይሸከምም፤ አቧራ ሲለብስ ደግሞ ላይ ለቆመ ሰው ከቆርቆሮው አይለይም። ከውስጥ ሆነሽ የት የት እንዳሉ ቁጠሪና ንድፍ አሰሪ፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው ንድፉን ሳያይ አይውጣ። የሚረገጥበት ሳንቃና የሚታሰርበት ቀበቶም ይኑረው፤ ቀበቶ ታጥቆ ገመዱን የትም ሳያስር የሚሰራ ብዙ አይቻለሁ። አሸንዳ የሚጠረገው ግንቦት ላይ እንጂ ሐምሌ ዝናብ ከገባ በኋላ አይደለም። የከፍታ ስራ ጠዋት ይሁን፣ በተለይ በአብይ ጾምና በረመዳን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሰ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚያዞረው ጾሞ የሰራ ያውቀዋል።

የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ክርክር የለም፣ ማንም አይገባም። መኪና ይምጣና ይምጠጠው። እዚያ ውስጥ ያለው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛልና «ሽታው ጠፍቷል፣ ልግባ» ያለ ሰው እዚያው ይቀራል። ጓደኛውን ላውጣ ብሎ የተከተለውም እንደዚያው። ክዳኑን በጓጉንቸር ቆልፊው።

ሌላው ደብተር ነው። «የለጥቂት ደብተር» እንለዋለን፤ ለጥቂት የተረፍንበት ይጻፍበታል። መጀመሪያ ወር አንድም ሰው አልጻፈም፣ ቅጣት ፈርተው። የመጀመሪያውን ገጽ የፓምፑን ነገር፣ ትዕዛዙን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ጨምሬ ጻፍኩበት። ከዚያ መጡ፦ «ሐሙስ፣ ጄኔሬተር ክፍል፣ ናፍጣ ፈስሶ መሰላሉ ተንሸራተተ።» ሰኞ ጠዋት ሻይ ላይ እናነበዋለን፣ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ናፍጣውን ያፈሰሰው ማን ነው ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ ከየት ነው የሚፈሰው በይ። አንድ ጊዜ በደብተሩ የተቀጣ ሰው ካለ ደብተሩን ጣይው።

ስራ አስኪያጁ ወጪው በዛ ካለሽ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አሳዪው። አንቀጽ 92ን ያንብብ፤ የአደጋ መከላከያ ማቅረብም፣ የደረሰ ጉዳትን መዝግቦ ማሳወቅም የአሰሪው ግዴታ ነው። ሰራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር አሰሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለስራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም ንገሪው። የኔው አለቃ ከፖስተሩ ይልቅ ይቺን ነው ቶሎ የተረዳት።

የቀን ሰራተኛና የኮንትራክተር ሰውስ ላልሽው፣ እነሱም ይቆልፋሉ። በር ላይ ጥበቃው ጋ አምስት ቢጫ ጓጉንቸር ተሰቅሏል። ሲገቡ መታወቂያ አስይዘው አንድ አንድ ይወስዳሉ፤ ማታ መታወቂያቸውን የሚያገኙት ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ሲመልሱ ነው።