ልጆች ይዞ ሲዛወሩ፦ ስመ ጥሩው ሰፈር ወይስ የሚቻለው ኪራይ?

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ምክንያት እኔና ባለቤቴ ወደማናውቀው ከተማ ልንሄድ ነው። የ5 ዓመት ሴት ልጅና የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ለኪራይ ያጨናቸው ቤቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በጸጥታው በተመሰገነ ሰፈር የሚገኝ ሲሆን፣ ኪራዩ ከወር ገቢያችን 45 በመቶውን ይወስዳል፤ ከሥራ ቦታችንም አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። ሁለተኛው ከገቢያችን 28 በመቶ ብቻ የሚጠይቅና ከሥራችን የ15 ደቂቃ መንገድ ቢሆንም፣ ያማከርናቸው ሰዎች «እዚያ ሰፈር ልጅ ይዞ አይገባም» ብለው አስፈርተውናል። ባለቤቴ በልጅ ደኅንነት ላይ ቁጠባ የለም ባይ ነው፤ እኔ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ እንዳያልቅ እሰጋለሁ። ማንኛችን ነን ትክክል? ሄደን ለማየት ያለን ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በሁለት ቀን ስለ አንድ ሰፈር ምን ማወቅ ይቻላል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ሐሳብ ከአባት ልብ የመነጨ ነው፤ ስሌቱ ግን ጎደሎ ይመስለኛል። ደኅንነትን ከሰፈሩ ስም ጋር አንድ አድርጎ፣ ኪራዩን ደግሞ ከደኅንነት ውጭ የሆነ የገንዘብ ጉዳይ አድርጎ ያያልና። የገቢን ግማሽ ሊነካ የተቃረበ ኪራይ ራሱ የደኅንነት ጥያቄ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ ብታቋርጡ ወይም ልጅ ታሞ ያልታሰበ ወጪ ቢመጣ፣ ያንን ቤት ስንት ወር ይዛችሁ መቆየት ትችላላችሁ? መልሱ «ሁለት ወር» ከሆነ፣ ልጆቹ ጓደኛና መምህር በለመዱ ማግስት እንደገና ዕቃ መሸከፍ ሊመጣ ነው።

ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ እንዳያልፍ የሚመክረው የታወቀ ልክ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ ግን ልጠቁም። መነሻው የአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ሕግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከራዮች ድርሻ ከገቢያቸው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኖ፣ በ1981 ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሏል። የልጅ ጥበቃና የትራንስፖርት ወጪ ግን በዚህ ልክ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱንና ሁለታችሁም ሥራ ላይ ሳላችሁ ለሚጠብቅላችሁ ሰው ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት የሚከፈለውን ደምራችሁ ሁለቱን ቤቶች አወዳድሩ። ጊዜውንም ቁጠሩት። በአንድ ጉዞ የ45 ደቂቃ ልዩነት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በ22 የሥራ ቀናት ደግሞ 33 ሰዓት ይሆናል። ይህም ከአራት ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ሲሆን፣ ሰዓቱ የሚቀነሰው የ2 ዓመት ልጅዎ ነቅቶ እናትና አባቱን ከሚያይበት ጊዜ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ። ወላጆች ስለ ሰፈር ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ሌባንና ወንበዴን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን ይገልጻል። ሴት ልጅዎ ወደዚያ የዕድሜ ክልል የገባችው ገና አሁን ነው። በቆሙ መኪኖች መካከል ብቅ የምትልን ልጅ ሹፌሩ አያያትም፤ እሷም መኪናው በምን ያህል ፍጥነት እየቀረበ እንደሆነ የመገመት ችሎታዋ ገና አልዳበረም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና የሚሸከመው የግጭት ጉልበት በ30 ኪሎ ሜትር ከሚጓዘው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነውና። ጸጥ ያለና ሰፊ መንገድ ያለው ሰፈር ሹፌርን የሚያስሮጥ፣ የተጨናነቀና ስሙ የጠፋ ሰፈር ደግሞ መኪናን የሚያዘግም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቤቶች በር ላይ ቆማችሁ ማየት ያለባችሁ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የእግረኛ መንገድ አለ ወይ፣ ዜብራው ላይ መኪና ይቆማል ወይ፣ ከበሩ እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት መንገድ መሻገር ያስፈልጋል?

መኪና የጎረቤትን ወሬ እንኳ ይወስዳል። ዶናልድ አፕልያርድ የተባሉ የከተማ ፕላን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንፍራንሲስኮ ሦስት ጎዳናዎችን አጥንተው ነበር። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት ጎዳና አንድ ነዋሪ በአማካይ 3 የጎዳናው ጓደኞች ሲኖሩት፣ 16,000 ያህል በሚያልፍበት ጎዳና ግን አንድ እንኳ አልሞላም። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ስማቸውን የሚያውቅ፣ ከግቢ ብቻቸውን ሲወጡ «ወዴት ነው?» የሚል ጎረቤት ከአጥር የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሰፈር ስምን በተመለከተ «ማን አለ? መቼ ነበር? በስንት ሰዓት? በማን ላይ ደረሰ?» ብላችሁ መርምሩ። በሌሊት የሱቅ መሰበርና በቀን የእግረኛ መዘረፍ ሁለቱም ወንጀል ይባላሉ፤ ለልጆቻችሁ ግን አንድ አይደሉም። የወንጀል አኃዝ ብታገኙም ተጠንቀቁ። ቁጥሩ የሚካፈለው ለነዋሪው ብዛት በመሆኑ፣ በቀን ብዙ ሕዝብ የሚጎርፍበትና ጥቂት ሰው የሚያድርበት የንግድ አካባቢ ከእውነቱ ይልቅ አስፈሪ ሆኖ ይታያል።

ባለቤትዎን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን ግን ልሸሽግ አልችልም። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ወደ 4,600 የሚጠጉ ድሃ ቤተሰቦች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዶ፣ በዕጣ የተመረጡት ድህነት ወደቀነሰበት ሰፈር የሚዛወሩበት የኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው። ወላጆቹ ለመዛወር የፈለጉበት ዋና ምክንያት ከወሮበሎችና ከአደንዛዥ ዕፅ መራቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ የኢኮኖሚ ምሁሩ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው ሲመረምሩ፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው በድጋፉ የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ካልተዛወሩት 31 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ እንደነበራቸው አገኙ፤ ዕድሜያቸው ከዚያ ላለፈ ልጆች ግን ይህ ጥቅም አልታየም። የእናንተ ልጆች በጥሩው ዕድሜ ላይ ስለሆኑ ሰፈር ለውጥ ያመጣል የሚለው የባለቤትዎ እምነት መሠረት አለው። ሆኖም እነዚያ ቤተሰቦች ከራሳቸው ኪስ ይከፍሉት የነበረው ከገቢያቸው 30 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ የቀረውን የሸፈነው ድጋፉ ነው። በ45 በመቶ ተጨንቆ ጥሩ ሰፈር መኖር ምን እንደሚያስከትል ይህ ጥናት አልመለሰም።

ሁለቱ ቀናት አንዱ የሥራ ቀን፣ ሌላው የዕረፍት ቀን ቢሆኑ መልካም ነው። ከቻላችሁ ሴት ልጃችሁን ይዛችሁ፣ በትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ከቤቱ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በእግራችሁ ሂዱ፤ በእሷ እርምጃ ሲኬድ መንገዱ ሌላ ነው። ሲመሽም ተመልሳችሁ መብራቱንና በመንገድ ላይ ያሉትን ሰዎች ተመልከቱ። ልጆች ውጭ ይጫወታሉ? ሽማግሌዎችና ሴቶች ብቻቸውን ይሄዳሉ? ደላላውን ሳይሆን የልጅ እጅ ይዘው የሚያልፉትን እናቶች ጠይቁ። ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ለወንድ ልጅዎ ሲሉ መስኮቶቹን ይዩ፤ ፎቅ ከሆነ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈቱ ማገጃ ሊደረግላቸው ይገባል። ያልተከደነ የውኃ ጉድጓድ ወይም ታንከር ካለ፣ እንዲሁም በአሮጌ ቤት ውስጥ የሚላላጥ ቀለም ካለ ሳይስተካከል አትግቡ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን ደግሞ የለም።

የእኔን ፍርድ ከፈለጉ፣ ወደ ሁለተኛው ቤት አደላለሁ። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ልጆቹ በሚወጡበትና በሚገቡበት ሰዓት በሰው ላይ ጥቃት እንደሚደርስ ከነዋሪዎቹ ከራሳቸው አፍ ከሰማችሁ ወይም የትምህርት ቤቱ መንገድ በፈጣን ጎዳና የተቆረጠ ከሆነ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ወደ 45 በመቶው ከመሮጣችሁ በፊት፣ በመጀመሪያው ሰፈር ዳርቻ አንድ ክፍል የሚያንስ ቤት ፈልጉ፤ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆች ለጥቂት ዓመታት በአንድ ክፍል ቢያድሩ አይጎዱም። የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያው ውል ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ፣ ቀድማችሁ ለመልቀቅ ብትፈልጉ የምትሰጡት ማስጠንቀቂያና የምትከፍሉት ቅጣትም በጽሑፍ እንዲሰፍር አከራዩን ጠይቁ።