ምእመን በፖለቲካ ጉዳይ ምን ድርሻ አለው?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ መምህር። አንዳንድ ወንድሞች «ፖለቲካ የዓለም ነገር ስለሆነ ክርስቲያን ሊነካው አይገባም» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «አገር መመራት ያለባት በሃይማኖታችን ሕግ ነው» ይላሉ። በብዙ አገሮች ሃይማኖት በምርጫና በሕግ ውስጥ ሲገባ አያለሁና የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች ቅዱስ መጽሐፍን ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያዎቹ «መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም» የሚለውን (ዮሐ. 18፥36) ይዘው ይሸሻሉ፣ የኋለኞቹ የዳዊትንና የሰሎሞንን ዙፋን ያነሣሉ። ጌታ ግን የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር አስረክቡ ሲል (ማቴ. 22፥21) ቄሣር የራሱ ድርሻ እንዳለው፣ ድርሻውም ወሰን እንዳለው በአንድ ቃል አስተምሯል።

አገሮች ይህን ወሰን በተለያየ ስፍራ አስምረውታል። በእንግሊዝ 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት መቀመጫ አላቸው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣችው ሕግ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየች፤ ኢራን ከ1979ኙ አብዮት በኋላ የበላይ ሥልጣኑን በሕገ መንግሥቷ ለሃይማኖት ሊቅ ሰጠች። የምእመኑን ኅሊና ከድምፁ የሚለይ ሕግ ግን በየትኛውም አገር የለም፤ ስለዚህ «ፈጽሞ አይነካም» የሚለው ምክር ሊፈጸም የሚችል አይመስለኝም።

ስለ ድርሻችን ስጠየቅ አዘውትሬ የማነሣው የሚላኑን ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ አምብሮስዮስን ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ እ.ኤ.አ. በ380 የኒቅያን እምነት የግዛቱ ሃይማኖት ያደረገ፣ ለቤተ ክርስቲያን ባለውለታ የሆነ ሰው ነበረ። በ390 ግን የተሰሎንቄ ሕዝብ አምፆ የጦር አዛዡን ስለ ገደለ የንጉሡ ወታደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጁ። አምብሮስዮስ «ወዳጃችን ነውና ዝም እንበል» አላለም፤ ንስሓ እስኪገባ ድረስ እርሱ ባለበት ቅዳሴ እንደማይቀድስ በደብዳቤ ገለጠለት፣ ንጉሡም በሕዝብ ፊት ንስሓ ገባ። ልብ ይበሉ፤ ኤጲስ ቆጶሱ ዙፋኑን አልፈለገም፣ ሠራዊትም አላሰለፈም፤ የነበረው ቃሉና መሠዊያው ብቻ ነው።

የዚህን ተቃራኒ በደቡብ አፍሪካ አይተናል። የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን አፓርታይድ የተባለውን የዘር መለያየት ሥርዓት ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሱ ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ያንን ትምህርት ኑፋቄ ብሎ አወገዘው፤ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን ከዚያው መጽሐፍ እያነሡ ሥርዓቱን ሞገቱ። እኔን የሚያስፈራኝ፣ የዘር መለያየትን ካስተማሩት ብዙዎቹ የሚጸልዩና ራሳቸውን ቅኖች አድርገው የሚያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ወገናቸው ሥልጣን ሲይዝ ቃሉ ለወገናቸው እንደሚፈርድ ሆኖ ታያቸው።

እንግዲህ ይምረጡ፤ ለኃላፊነት ቢመረጡም በቅንነት ያገልግሉ፤ ለድሃውና ለተበደለው የሚበጀውን ሕግ ደግፈው ይከራከሩ። የሃይማኖታችን ሕግ ሁሉን ያስገድድ የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ ፍርሃት ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊያደርሰው ቢችል እንኳ ልቡን ወደ ንስሓ አያደርሰውምና። የሚደግፉት ወገን በሌላው ላይ ግፍ ሲፈጽም አይተው ለመቃወም አንደበትዎ ቢታሰር፣ እንደ ሌላው ኃጢአት ሁሉ ለንስሓ አባትዎ ይንገሩት።