ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፦ ጥያቄና መልስ ለጎንደር የአውቶማቲክ መኪና ባለቤቶች

ወደ ደባርቅ ሽቅብ፣ ወደ መተማ ቁልቁል የሚመላለሱ የአውቶማቲክ መኪና ባለቤቶች ከገበያ የሚገዛ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ስለማስገጠም የጠየቁትና የተመለሰላቸው እንደ አመጣጡ ቀርቧል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ጋሼ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የካምቢዮ ማቀዝቀዣ አብሮ አለ ይሉኛል። ታዲያ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እውነት ነው፣ አለ። የራዲያተሩ የታች ወይም የጎን ገንዳ ውስጥ የተቀበረ አጭር ቧንቧ ነው። ግን ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሞቀ የሞተር ውሃ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከውሃው ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም። ሜዳ ላይ ይኼ ይበቃል። ችግሩ ዳገት ላይ ነው። የካምቢዮ ሙቀት በብዛት የሚመነጨው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ሲሆን፣ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ሲቀር፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖቹ ተያይዘው አንድ ላይ ካልዞሩ፣ ዘይቱ በክንፎቹ መካከል እየተናጠ ይግላል። ሊማሊሞን ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስትወጣ አስበው፦ መኪናው 1ኛና 2ኛ ማርሽ ላይ ነው፣ ኮንቨርተሩ አይቆለፍም፣ በየጠመዝማዛው ፍጥነትህ ስለሚወርድ ከፊት የሚገባው ንፋስም ትንሽ ነው።

ከፍታውም አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 4/5ኛ ያህል ብቻ ይከብዳል። ደባርቅ ላይ ወደ 3/4ኛ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አቅም ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይደክማል። ነጂው ነዳጅ ይረግጣል፣ ካምቢዮው ማርሽ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል።

ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ግን ገንዘብህን ለዘይት ቅያሬ አውለው። ማቀዝቀዣው የሚያስፈልገው ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ወይም ቆላ ለሚወርድ ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ዘይቱ ከመጠን በላይ መሞቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመዳፍ አይለካም። መኪናሽ የካምቢዮ ሙቀት የሚያሳይ ከሆነ በኦቢዲ መቃኛ (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) ከስልክሽ ላይ ታነቢዋለሽ። ካልሆነ ዳገቱን እንደጨረስሽ ከካምቢዮው የሚወጣውን የብረት ቧንቧ በጨረር ቴርሞሜትር ለኪ፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ንባቡ ዝቅ ብሎ ስለሚያሳስት ቧንቧው ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልይበት። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ጤነኛ ነው። ዳገት ላይ ለጥቂት ደቂቃ 105 ቢደርስ አያስደነግጥም። 120 ላይ ዘይቱ ቫልቮቹን እንደ ቫርኒሽ መለበጥ ይጀምራል፣ ከ140 በላይ ጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎቹም (ማርሽ የሚያያይዙት የካምቢዮው ውስጥ ክላቾች) መቃጠል ይጀምራሉ። መካኒኮች በልምድ የያዙት ስሌት፣ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ማርሽ ሲቀይር መንሸራተት ጀምሯል። ማቀዝቀዣ ባስገጥም ይተወኛል?

መልስ፦ አይተውህም። ያለቀ ፍሪሲዮንን ማቀዝቀዣ አይመልሰውም። መጀመሪያ ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጥተህ ዘይቱን በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው። ቀይ ወይም ቀላል ቡናማ ከሆነና ካልሸተተ የዘይት መጠኑን አስተካክል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ምግብ የሚሸት ከሆነ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ካምቢዮው ከተጠገነም በኋላ የድሮው የራዲያተር ማቀዝቀዣ በደንብ ሳይታጠብ እንዳትገጥመው፤ ውስጡ የቀረው የብረት ብናኝ አዲሱን ካምቢዮ ይገድለዋል።

ጥያቄ (ከጭልጋ)፦ የትኛውን ዓይነት ልግዛ? ገበያ ላይ ጠመዝማዛ ቱቦም አለ፣ ተደራራቢ ሰሌዳም አለ።

መልስ፦ ተደራራቢ ሰሌዳ ያለውን ይግዙ። ጠመዝማዛው ዋጋው ይረክሳል፣ ግን በዚያው ስፋት የሚያቀዘቅዘው በጣም ያነሰ ነው። ለኮሮላና ለራቭ4 መጠን 28 በ13 ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃል፤ ለሃይሉክስ፣ ለፕራዶና ለመሰሎቹ 28 በ20 ይሁን። በእኛ ከፍታ በሁለት መጠን መካከል ከተጠራጠሩ ትልቁን ይውሰዱ። የአፉ ውፍረት ከመኪናው ቧንቧ ጋር መግጠም አለበት፤ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው። ሳይለኩ አይግዙ።

ጥያቄ፦ የት ነው የሚቀመጠው? አንድ ጋራዥ በፕላስቲክ ማሰሪያ ራዲያተሩ ላይ አሰረልኝ።

መልስ፦ ያንን ማሰሪያ ዛሬውኑ አውጣው። በራዲያተሩ ቀጭን የብረት ክንፎች መካከል የሚያልፈው የፕላስቲክ ዘንግ በኮረኮንች መንገድ እየተንቀጠቀጠ የኤሲውን ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የኤሲ ማቀዝቀዣ) ወይም የራዲያተሩን ቱቦ እንደ መጋዝ ይበላዋል። መጀመሪያ የምታየው ጉዳት የኤሲ ጋዝ ማለቁ ነው፤ ቆይቶ ውሃው ይፈሳል።

ትክክለኛው ቦታ ከፊት ፍርግርጉ ኋላ፣ ከኮንደንሰሩ ፊት ነው። በሁለቱ መካከል ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ክፍተት ተው፤ እርስ በርስ እንዳይነካኩ። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ቁረጥና የራዲያተሩን የላይኛውና የታችኛውን ተሸካሚ አግዳሚ ይዞ እንዲቆም አድርገህ በብሎን እሰር፤ በእያንዳንዱ ብሎን ሥር የጎማ ሮንዴላ ይግባ። የኮፈኑ መቆለፊያና የፓራውልቱ ብረት እንዳይነኩት ኮፈኑን ቀስ ብለህ ዝጋና ተመልከት። የማቀዝቀዣው ሁለት አፎች ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይዙሩ። ወደ ጎን ከሆኑ ዘይቱ በታችኛው ገብቶ በላይኛው ይውጣ፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ በራሱ ይለቃል። አፎቹ ወደ ታች ከተደፉ አየር ከላይ ይታፈንና የማቀዝቀዣው ግማሹ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሁለት ቧንቧ አለ። የትኛውን ነው የምቆርጠው?

መልስ፦ መልካም ጠየቅህ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ ከካምቢዮው ወጥቶ መጀመሪያ ራዲያተሩ ውስጥ፣ ከዚያ አዲሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮው መመለስ አለበት። ስለዚህ የምትቆርጠው ከራዲያተሩ የሚመለሰውን ነው። ከተገላበጠ፣ በንፋስ የበረደውን ዘይት ራዲያተሩ መልሶ ያሞቀዋል።

የቱ እንደሆነ ከመገመት እንዲህ አድርግ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከራዲያተሩ አንዱን የጎማ ቱቦ ንቀል። በራዲያተሩ አፍ ላይ ቁራጭ ቱቦ ሰክተህ ወደ አንድ ጠርሙስ፣ የተነቀለውን ቱቦ ወደ ሌላ ጠርሙስ አግባ። ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ሰው ሞተሩን ለ3 ወይም 4 ሰከንድ ብቻ ያስነሳልህ። ዘይቱ ከራዲያተሩ አፍ ከመጣ፣ የነቀልከው የመመለሻው መስመር ነው፤ ማቀዝቀዣውን እዚያው መሃል አስገባው። ዘይቱ ከተነቀለው ቱቦ ከመጣ ያኛው መሄጃው ነው፤ መልሰህ ግጠመውና በሌላኛው ሥራ።

በዚያው አጋጣሚ የፍሰቱን መጠን ለካ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር 1 ሊትር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት። ከዚያ በላይ ከፈጀ መስመሩ ተዘግቷል ወይም ፖምፓው ደክሟል ማለት ነው፤ አዲስ ማቀዝቀዣ አያድነውም። ከ30 ሰከንድ በላይ አታስኪደው፤ የወጣውንም ዘይት ያህል ወዲያው መልስ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ቱቦ አለኝ፣ ውፍረቱ ልክ ነው። እሱን ብጠቀም?

መልስ፦ አይሆንም፣ እባክህ። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዝልኝ ብጠይቅ ይኼው ነው። የነዳጅ ቱቦም ሆነ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ለሞቀ የካምቢዮ ዘይት አልተሠራም፤ ውስጡ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከአፉ ይንሸራተታል። ካምቢዮው ዘይቱን በሙሉ መንገድ ላይ ሲያፈስ ነጂው የሚያውቀው መኪናው መጎተት ሲያቆም ነው። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተብሎ የተሠራውን፣ ላዩ ላይ ኤስኤኢ ጄ1532 የሚል የታተመበትን ግዛ። ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ከምትቆጥበው ብር ይልቅ የምትከስረው ካምቢዮ ነው።

ቱቦውን የምታስገባበት የብረት ቧንቧ ጫፍ ልሙጥ ሆኖ ከቀረ ቱቦው ይወልቃል። ቧንቧውን በብረት መጋዝ ሳይሆን በቧንቧ መቁረጫ ቁረጥ፤ መጋዝ ብናኝ ውስጥ ይተዋል። ከዚያ ጫፉን በመቀፈያ መሣሪያ ትንሽ ከንፈር አውጣለት። ቱቦው ከከንፈሩ አልፎ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ይግባ፤ ፋሸታው (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቱ) ከከንፈሩ ኋላ እንጂ ከንፈሩ ላይ አይረፍ። በየአፉ አንድ አንድ ጥሩ ፋሸታ ይበቃል፤ ቱቦውን እስኪቆርጥ ድረስ አታጥብቀው፤ ጎማው በፋሸታው ቀዳዳዎች ብቅ ማለት ሲጀምር ቁም። ቱቦው ብረት በሚነካበት ሁሉ ተጨማሪ ጎማ ይልበስ፤ ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ሲታጠፍ እንዳይሰበር ዙሩ ሰፋ ይበል።

የፍሪጅ የመዳብ ቧንቧ የሚገጥሙም አሉ። መዳብ በንቅናቄ ይደድራልና ይሰነጠቃል።

ጥያቄ (ከደባርቅ)፦ የራዲያተሩን ጭራሽ ትቼ በአዲሱ ብቻ ባስኬድስ?

መልስ፦ በደባርቅ ብርድ አይመከርም። ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ወፍሮ ነው የሚነሳው፤ የራዲያተሩ ውሃ ቶሎ የሚያሞቀው እሱን ነው። ዘይቱ ከ60 ዲግሪ በታች ሲቆይ ካምቢዮው ዘግይቶ ማርሽ ይቀይራል፣ ብዙ መኪኖችም ኮንቨርተሩን አይቆልፉም።

መተው ግዴታ የሚሆንበት አንድ ጊዜ አለ፦ የራዲያተሩ ውስጥ ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃና ዘይት ሲደባለቁ። ሊቬሎው ላይ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ካዩ ሞተሩን አያስነሱ። ውሃ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቀዋል። ያኔ ራዲያተሩ ይቀየር፣ ካምቢዮው ቶሎ ይታጠብ። አዲስ ራዲያተር እስኪገኝ በውጭ ማቀዝቀዣ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ፣ መጠኑ ትልቅ ይሁን፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ማቀዝቀዣውን አሳልፎ የሚመልስ ቴርሞስታትም ይግባበት።

ጥያቄ፦ ራዲያተሬ ከተቀየረ ወዲህ ካምቢዮው ይሞቃል። ሁለቱ የዘይት ቱቦዎች እርስ በርስ ተገናኝተው አገኘኋቸው።

መልስ፦ የማንዋል ካምቢዮ ራዲያተር ገጥመውልሃል። እሱ የዘይት አፍ የለውም፤ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ነው እየተመለሰ ያለው። አትንዳው። የአውቶማቲኩን ራዲያተር አስመልስ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ሲቪቲ ነው። ይኼ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

መልስ፦ በጥንቃቄ። ብዙ ሲቪቲዎች (በማርሽ ጥርስ ፈንታ በቀበቶ የሚሠሩ ካምቢዮዎች) ላይ ማቀዝቀዣው ካምቢዮው ላይ የተጫነ፣ የሞተር ውሃ የሚያልፍበት ትንሽ ሣጥን ነው፤ የምትቆርጠው የዘይት ቧንቧ አታገኝም። ወደ ሣጥኑ የሚገቡት ቱቦዎች የውሃ ናቸው፤ እነሱን ከዘይት ማቀዝቀዣ ጋር አታገናኝ። ለዚያ ካምቢዮ የተሠራ መካከለኛ አስማሚ ከሌለ አትነካካው። ለሲቪቲ ትልቁ ጥበቃ ትክክለኛው ዘይት ነው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ቀበቶውን ያንሸራትተዋል።

ጥያቄ፦ ከገጠምኩ በኋላ ስንት ዘይት ልጨምር?

መልስ፦ ማቀዝቀዣውና ቱቦው ከ0.3 እስከ 0.5 ሊትር ይወስዳሉ። ሊቬሎ ካለው፦ ሜዳ ላይ አቁም፣ ሞተሩ ይሥራ፣ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በየቦታው ቀስ ብለህ አሳልፈህ ፒ ላይ መልሰው፣ ዘይቱ ሲሞቅ “ሆት” በሚለው መካከል ይሁን። አብዛኛው መኪና ላይ ሞተሩ ጠፍቶ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። ሊቬሎ የሌለው፣ ለምሳሌ ደብልዩ ኤስ የሚባለውን የቶዮታ ዘይት የሚጠቀም አብዛኛው ካምቢዮ፣ ከሥር ባለው የትርፍ መፍሰሻ ቀዳዳ ነው የሚለካው፤ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ዝጋው። ቲ-ፎር የሚባለውን ሌላውን የቶዮታ ዘይትና ደብልዩ ኤስን አታደባልቅ።

ጥያቄ፦ ማራገቢያ ልጨምርበት?

መልስ፦ መጀመሪያ ያለህን አስተካክል። ከመተማ መንገድ ሲመለስ ኮንደንሰሩና ራዲያተሩ በአቧራና በነፍሳት ይደፈናሉ። ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት፣ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ አጥባቸው፤ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። የራዲያተሩ ቬንትሌተር በትክክል መዞሩን እይ። ይኼ ሁሉ ሆኖም ዳገት ላይ ከ105 ካለፈ 18 ሴንቲሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጨምር፤ በሪሌይና በ15 አምፔር ፊውዝ፣ 85 ዲግሪ ላይ በሚነሳ የሙቀት ማብሪያ። በእጅ ማብሪያ ብቻ የሚሠራውን ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ተገጥሞ አለቀ። ሊማሊሞን ለመውጣት ልነሳ?

መልስ፦ ገና። ሞተሩን 5 ደቂቃ ካሠራህ በኋላ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፍ። ጠብታ ካለ ፋሸታውን ሩብ ዙር ብቻ አጥብቅ፤ ካልቆመ ቱቦውን አውጥተህ ከንፈሩን ተመልከት። ከዚያ እስከ አዘዞ ደርሰህ ተመለስ፣ ዘይቱን ደግመህ ለካ፣ ፋሸታዎቹን በመብራት እይ። አዲስ ጎማ ሲሞቅ ይረግባልና ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም አንድ ጊዜ ፈትሽ። ደባርቅ ስትደርስ ቧንቧውን በቴርሞሜትር ለካና ቁጥሩን ጻፈው፤ በሚቀጥለው ጉዞ በዚያው ዳገት 10 ዲግሪ ከጨመረ አንድ ነገር ተዘግቷል ማለት ነው።