ላክቲክ አሲድ አጥንቼ የት ልቀጠር?

ማራኪ የምትኖር የጎንደር ልጅ ጽፋልናለች። በባዮቴክኖሎጂ ተመርቃለች። የመመረቂያ ሥራዋ ከእርጎ ባክቴሪያ ለይታ ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ፣ እርጎን ወደሚያኮመጥጠው አሲድ፣ መቀየር ነበር። «ስምንት ወር ሥራ ፈለግኩ፤ ላክቲክ አሲድ የሚል ማስታወቂያ አንድም አላየሁም። ትቼው አካውንቲንግ ልማር?» ትላለች።

እህቴ፣ አትተዪው። ማስታወቂያ ላይ የምትፈልጊውን ቃል ግን ቀይሪ። የያዝሽው ሙያ ፈርመንቴሽንን፣ ማለትም በባክቴሪያ ማኮምጠጥን፣ መቆጣጠር ነው።

እቤት ወተት ሲረጋ አስታውሺ። ኩምጣጤው የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ስኳሩ አልቆ አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹን ያደከማቸው ራሳቸው ያወጡት አሲድ ነው። ፋብሪካ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እንደ ላክቶባሲለስ ዴልብሩኪ ያለውን ባክቴሪያ 45 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየጨመረም ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ5.5 እስከ 6 ይይዘዋል። አሲዱ ካልሲየም ላክቴት የሚባል ጨው ይሆናል፣ ባክቴሪያውም ሥራውን ይቀጥላል። በኋላ በሰልፈሪክ አሲድ ላክቲክ አሲዱ ሲለቀቅ ጂፕሰም ይተርፋል፤ ለ1 ቶን ምርት 1 ቶን ገደማ! ለእኔ ከባዱ ሥራ ማኮምጠጡ ሳይሆን ይህ ማጥራቱ ነው። ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኮምጠጡ ላይ ያቆማሉ። አንቺ ማጥራቱንም አንብቢ።

አሁን ዙሪያሽን እዪ። ዳሽን ቢራ እዚያው ጎንደር ነው። አንቺ ስትንከባከቢው የከረምሽውን ባክቴሪያ ቢራ ጠማቂ ይፈራዋል፤ ከገባ ቢራውን ያኮመጥጥበታል። ጠባዩን የምታውቅ ሰው ጥራት ክፍል ውስጥ ታስፈልጋለች። ወተት ማቀነባበሪያም አለ። ቆዳ ፋብሪካዎች ኖራውን ከቆዳ ለማስለቀቅ ላክቲክ አሲድ ይጠቀማሉ። ራቅ ማለት ካልከበደሽ ከሞላሰስ (ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ) ኢታኖል የሚያወጡትን የፊንጫንና የመተሐራን ስኳር ፋብሪካዎች አስቢ።

ሲቪሽ ላይ «ላክቲክ አሲድ አምርቻለሁ» ብለሽ አትለፊው። ስንት ግራም ስኳር ገባ? ስንት ግራም አሲድ ወጣ? በሂሳቡ 100 ግራም ግሉኮስ 100 ግራም ላክቲክ አሲድ ይሰጣል፤ ጥሩ ፋብሪካ ከ90 በላይ ያገኛል። ያንቺ 60 ከሆነ 60 ብለሽ ጻፊ። የቀረው የት እንደሄደ ካስረዳሽ አያሳፍርም።

እጅሽም እንዳይረሳ። የተማርሽበት ላብራቶሪ ሄደሽ አስፈቅጂ። እየረጋ ካለ ወተት 9 ሚሊ ሊትር ወስደሽ ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ) ጨምሪ፤ ከዚያ 0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ አውርጂ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ይዞ ሲቀር አቁሚ። የወረደው እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር 0.1 ከመቶ አሲድ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ለክተሽ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ።

አካውንቲንጉን በማታ መጀመር ትችያለሽ፣ አይጎዳሽም። ሲቪ ልታስገቢ ስትሄጂ ግን ያንን ደብተር ይዘሽ ሂጂ። የጥራት ክፍል ኃላፊውን ካገኘሽው፣ ገልጠሽ አሳዪው።