ወንድምሽ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት መወዳደር ካሰበ

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ሊወዳደር እንዳሰበ ጽፈሽ፣ ሥራውን መልቀቅ አለበት ወይ፣ ኑሮውስ ምን ይመስላል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ ለተወዳዳሪዎች ቤት ለቤት ዞሬ ቀስቅሻለሁ፣ በኋላም አንድ ተወካይ ቢሮ ውስጥ በፈቃደኝነት አግዣለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ሥራውን በፍጹም አይልቀቅ። የተወካይ ደመወዝ ለብዙ ዓመታት በዓመት 17,640 ዶላር ሆኖ ነው የቆየው። በዚህ ብር አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤተሰብ አይተዳደርም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ጠበቃ፣ አስተማሪ ወይም ነጋዴ ሆነው ጎን ለጎን የሚያገለግሉት። ጉባኤው ጃንዋሪ በገባ በሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል። እንደ 2024 ባለ ጥንድ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ እንደ 2025 ባለ ጎዶሎ ቁጥር ዓመት ደግሞ 45 ቀን ገደማ ይቆያል። በዚያ ሰሞን ማደሪያው ምክር ቤቱ የሚሰበሰብባት ዋና ከተማ ሪችመንድ ነው። መንገዱ ከአሌክሳንድሪያ 100 ማይል ያህል ስለሆነ በየቀኑ መመላለስ አይታሰብም። አሠሪውንም ሚስቱንም ከወዲሁ ያማክር።

ፕራይመሪ (የፓርቲው ዕጩ የሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ) ለመግባት የወረዳው መራጮች የሆኑ 125 ሰዎች ፊርማ ያስፈልገዋል። ቀላል ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ከሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ቆመን ስናስፈርም ዋልን። ሰዉ «የእኛ ልጅ ነው» እያለ በደስታ ፈረመ። ማታ አድራሻውን ስናጣራ ግን ገሚሱ ከመንገዱ ማዶ፣ ሌላ ወረዳ ውስጥ ነው የሚኖረው። ገና ዜግነት ያልወሰዱም ነበሩበት። እነዚህ አይቆጠሩም። ስለዚህ ከሚፈለገው እጥፍ ይሰብስብ።

ደግሞ በሐበሻ ድምፅ ብቻ አይመረጥም። አንድ ወረዳ ውስጥ 86,000 ያህል ሰው ይኖራል። የልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ይታወቃል? የሰፈሩ ማኅበር ውስጥ ሠርቷል? የፓርቲው የአካባቢ ኮሚቴ ያውቀዋል? ካልሆነ መጀመሪያ እዚያ ጥቂት ዓመት ይሥራ። በር ሲያንኳኳ «አንተን እኮ አውቅሃለሁ» የሚለው ሰው መብዛት አለበት።

ጉባኤው ሲዘጋ ሥራው አያልቅም። እኔ ቢሮው ውስጥ ሳለሁ ስልኩ የሚጮኸው በአብዛኛው ስለ ሕግ አልነበረም። አንዲት እናታችን የሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) እድሳት ደብዳቤ በፌስታል ይዘው መጡ። ምን እንደሚል አልገባቸውም፣ ቀኑ ደግሞ ሊያልፍ ነው። የተወካዩ ረዳት አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣ ቅጹን እስከ መጨረሻው ሞላችላቸው። እኚህ እናት የዚያን ተወካይ ስም እስከ ዛሬ ይጠራሉ።

ሕግ ማውጣቱ ትዕግስት ይፈልጋል። አብዛኛው ረቂቅ የሚወድቀው ጠዋት በማለዳ በሚሰበሰብ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ ዋናው አዳራሽ ሳይደርስ። ለምስክርነት የሄደ ሰው የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ሹፌር ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ሪችመንድ ድረስ ሲመጣ አይቻለሁ። ተናገረ፣ ረቂቁ ግን ወደቀ። ተወካዩ ኮሪደር ድረስ ተከትሎት ወጥቶ ማን ለምን እንደተቃወመ አስረዳው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ረቂቁን መልሶ አቀረበው። ወንድምሽ እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ «የማን ወገን ነህ?» ይሉታል። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ በበዓል ላይ ሳይቀር ይጠይቁታል። የክፍለ ግዛት ተወካይ የውጭ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ጤናና የሠራተኛ መብት ላይ ነው። ይህንን በትሕትና፣ ለሁሉም እኩል መናገር ይልመድ። ወደ አንዱ ካዘነበለ ግማሹን ሕዝብ ገና ሳይጀምር ያጣል።

ምርጫው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው፣ ፕራይመሪው ጁን። እስከዚያ ሌላ ተወዳዳሪ ጋር ቤት ለቤት ቢዞር ብዙ ይማራል። ከፈለገ በኢንቦክስ ይጻፍልኝ፣ ከማን ጋር እንደሚጀምር አገናኘዋለሁ።